በተማሪነት ጊዜ መሥራት ለኋላ ደመወዝ ይጠቅማልን?



ከመካከላችን ሁለተኛ ደረጃ እየተማሩ ከትምህርት መልስ ሱቅ የሚጠብቁ፣ ሊስትሮ የሚሠሩ፣ ሕፃናትን የሚያስጠኑ አሉ። ይህ ልፋት ነገ ደመወዛቸውን ከፍ ያደርገዋልን? ጉዳዩ በአሜሪካን አገር በሚገባ ተጠንቷል።

ባውምና ሩም የተባሉ ምሁራን ሁለት ትውልድ አነጻጽረዋል፤ አንደኛው ከ1979፣ ሁለተኛው ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ኑሮው በየጊዜው ሲጠየቅ የቆየ ነው። በ12ኛ ክፍል በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት የፊተኞቹን ደመወዝ ከዓመታት በኋላ በ8.3 በመቶ ከፍ አድርጎታል፤ የኋለኞቹን ግን በ4.4 በመቶ ብቻ። ጥቅሙም በአመዛኙ የታየው በሴቶች ላይ ነው። (እኅቶቻችን ልብ ይበሉ!)

ይሁን እንጂ እየሠራ የሚማር ልጅ ቀድሞውንም ትጉህ ሊሆን ይችላል። ትጋቱ ያመጣለትን ሥራው እንዳመጣለት አድርገን እንዳንቆጥር እንጠንቀቅ። ሆትዝና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህን ለይተው ወንዶችን ሲመረምሩ ጥቅሙ እጅግ አንሶ ተገኝቷል።

እኛ ሥራን አንነቅፍም፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። እናቱን የሚረዳውን ወንድማችንንም «ሥራህን ተው» ልንለው አንችልም። የሚያሳስበን ከክፍል መቅረቱ ነው፤ ከላይ ያየነው ቁጥር 12ኛ ክፍል ድረስ የዘለቁትን የሚመለከት እንጂ ትምህርት ያቋረጡትን አይደለም። ስለዚህ በሥራ ምክንያት ትምህርት ላመለጣችሁ ቅዳሜ ከመዝሙር ጥናት በፊት ሒሳብና እንግሊዝኛ ልናስጠና ተስማምተናል። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።