ጀልባዋ ጥላችሁ እንዳትሄድ፦ ትንሽ ጀልባን ለትሮሊንግ ማዘጋጀት

ሚኒሶታ ለምንኖር ሐይቅ ማለት ጎረቤት ነው። በረዶው ቀልጦ በሜይ ወር የዋልአይ ዓሣ ማጥመጃ ወቅት ሲከፈት፣ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ያገለገለች ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ አይጠፋም። እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ዓሣ ማጥመድም እወዳለሁ። ስለ ዕቃው ስጽፍ ስለ ሰውነታችንም የምጽፈው ለዚህ ነው።

ትሮሊንግ ማለት ጀልባዋ በሞተር በዝግታ እየሄደች፣ መንጠቆ ያለበትን ሰው ሠራሽ ዓሣ ከኋላ መጎተት ነው። ለዋልአይ በሰዓት 2 ማይል ገደማ የተለመደ ፍጥነት ነው። ዝግታው ያዘናጋል። ግን እናስላው፦ በሰዓት 2 ማይል ማለት በደቂቃ 53 ሜትር ያህል ነው። ብቻውን ያለ ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ጀልባዋ አትጠብቀውም።

በሜይ አየሩ ቢሞቅም ውኃው ገና ቀዝቃዛ ነው። የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ጎርደን ጊስብረክት ያስተዋወቁት የ«1-10-1» ደንብ እንዲህ ይላል፦ እስትንፋስን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር በሚገባ ለሚታዘዙበት 10 ደቂቃ፣ በቅዝቃዜ ራስን እስከ መሳት 1 ሰዓት። እስትንፋሳችሁ እስኪረጋጋ ጀልባዋ 50 ሜትር ርቃለች፤ እጃችሁ እስኪዝል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ። ስለዚህ ዕቃ ስትገዙ በዚህ ቅደም ተከተል ግዙ።

1. ላይፍ ጃኬት። ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ አንድ እንዲኖር ያዛል፤ ጀልባዋ 16 ጫማ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች ደግሞ የሚወረወር ተንሳፋፊም ያስፈልጋል። መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት ግን አያድንም፤ ልበሱት። ፊሽካና ውኃ በማያስገባ ከረጢት ያለ ስልክም እላያችሁ ላይ ይሁኑ።

2. የሞተር ማጥፊያ ገመድ። አንዱ ጫፍ ከነጂው፣ ሌላው ከሞተሩ ጋር ይያያዛል፤ ነጂው ሲወድቅ ሞተሩ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ ግዴታ የሚያደርገው በፍጥነት ሲነዳ እንጂ በትሮሊንግ ዝግታ ላይ አይደለም። እናንተ ግን ሁልጊዜ እሰሩት።

3. መሰላል። የረጠበ ልብስ ይከብዳል። ውኃ ውስጥ ሆናችሁ ልታወርዱት የምትችሉት ይሁን።

4. ባትሪ። ለኤሌክትሪክ ሞተር የመኪና ማስነሻ ባትሪ አይሆንም፤ «ዲፕ ሳይክል» የሚባለውን ግዙ። ስሌቱ መድኃኒት እንደ መመጠን ነው፦ 100 አምፔር-ሰዓት ያለው የሊድ-አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች አይወርድም፤ ሞተሩ 20 አምፔር ከወሰደ 50 ለ20 ሲካፈል 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። መመለሻውንም ቁጠሩ። ባትሪው ስለሚከብድ ነጂው ከኋላ ከተቀመጠ እሱን ወደ ፊት አድርጋችሁ እሰሩ፤ ጀልባዋ ላይ ከተለጠፈው የክብደት ገደብም አትለፉ።

5. የማጥመጃ ዘንግ መያዣና የዓሣ መፈለጊያ ሶናር። ሁለቱንም ቁጭ ብላችሁ በምትደርሱበት ቦታ ግጠሙ። መረባችሁም እጀታው ረጅም ይሁን፤ ዓሣ ሲያዝ መነሣት ጀልባዋን ያናውጣታል። በሚኒሶታ የውስጥ ሐይቆች በረዶ በሌለበት ጊዜ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አንድ ክር ነው፤ ስለዚህ ለሁለት ሰው ሁለት መያዣ ይበቃል።

ብር ካጠረ የሚቆየው ሶናሩ ነው። ከ1 እስከ 3 ያሉት አይቆዩም።

ሰው ከወደቀ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ፤ ፕሮፔለሩ ይቆርጣል። ከዚያ ተንሳፋፊውን ወርውሩ። ስታወጡት አጋድሙት፣ እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ በደረቅ ሸፍኑት፣ 911 ደውሉ። እኛ ዘንድ የበረደውን ሰው እጅና እግር ማሸት፣ አረቄ ማቅመስ የተለመደ ነው፤ ሁለቱም እዚህ ጉዳት ናቸው። በደንብ ነቅቶ የሚያወራና መዋጥ የሚችል ከሆነ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ሻይ ይጠጣ፤ ግራ ከተጋባ ወይም ካንቀላፋ ግን ምንም በአፉ አትስጡት።

ዘንድሮ ጀልባ የምትገዙ ካላችሁ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ገመዱን ስባችሁ ሞተሩ መጥፋቱን፣ በመሰላሉም መውጣት መቻላችሁን ሞክሩ። መልካም ወቅት!