የውሃ መረጃን በግራፍና በካርታ መግለጽ፦ ከፎገራ ሜዳ የተወሰዱ ምሳሌዎች

መግቢያ

የውሃ ሀብት ተመራማሪ የዝናብ፣ የወንዝ ፍሰትና የሐይቅ ከፍታ መረጃ ለመሰብሰብና ለማጣራት ረጅም ጊዜ ያጠፋል። መረጃውን በግራፍና በካርታ መግለጽ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥናቱ ማብቂያ ላይ በችኮላ የሚከናወን ሥራ ነው። የዘንግ፣ የጊዜ ክፍፍልና የቀለም ምርጫ ግን አንባቢው የሚደርስበትን ድምዳሜ ይወስናል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን በደቡብ ጎንደር ከሚገኘው የፎገራ ሜዳ በተወሰዱ ምሳሌዎች ይመረምራል።

ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን የጉማራና የርብ ወንዞች አቋርጠውት ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በወረታ አካባቢ እንደ ቁሐር ሚካኤል ባሉ ቀበሌዎች የሚኖር ገበሬ በክረምት የወንዝ ሙላትን ይጠባበቃል፤ በበጋ ደግሞ ሽንኩርቱን ለማጠጣት ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ የመረጃው ሁለቱም ጫፎች፣ ትርፉም እጥረቱም፣ ለእርሱ እኩል ትርጉም አላቸው።

የጊዜ ዘንግ ከየት ይጀምር?

የአካባቢው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይጥላል። የጣና ሐይቅ በግንቦትና በሰኔ ዝቅተኛ ከፍታው ላይ ይደርሳል፤ ከፍተኛውን ከፍታ የሚይዘው ደግሞ በመስከረም ነው። እንግዲህ ግራፍን በመስከረም 1 መጀመር የሐይቁን ሙላት ከሁለት ይከፍለዋል፤ መውጣቱ በአንድ ዓመት፣ መውረዱ በሌላ ዓመት ይታያል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ፎገራንና ደምቢያን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ በዚህ መንገድ የሚያቀርብ ግራፍ ክስተቱን በሁለት ገጽ ይበትነዋል። በጥር የሚጀምረው የፈረንጆች አቆጣጠርም የራሱ ችግር አለው፤ ክረምቱን ሙሉ ቢያሳይም የበጋውን የመስኖ ወቅት መካከሉ ላይ ይቆርጠዋል። ለጣና ተፋሰስ የሚስማማው የውሃ ዓመት ሐይቁ ዝቅ ከሚልበት ከግንቦት ወይም ከሰኔ ቢጀምር ነው።

የጳጉሜን ጉዳይ

ለአገር ውስጥ አንባቢ የሚዘጋጅ ግራፍ በኢትዮጵያ ወራት ቢቀርብ ይመረጣል፤ ሆኖም ጥንቃቄ ይሻል። ለምሳሌ ያህል በነሐሴም በጳጉሜንም በቀን 8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል ብለን እናስብ። የነሐሴ ድምር 240፣ የአምስቱ የጳጉሜን ቀናት ድምር ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በባር ግራፍ ሲቀርብ ዝናቡ በድንገት የተቋረጠ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ምንም አልተለወጠም። መፍትሔው የወሩን ድምር በቀናቱ ቁጥር አካፍሎ በቀን የጣለውን አማካይ ማሳየት ነው። ወራቱም ከዕለታዊ መረጃ እንደገና መሰላት አለባቸው፤ የኦገስትን ድምር ነሐሴ ብሎ መሰየም የተለያዩ ቀናትን ማደባለቅ ነው።

የቋሚው ዘንግ ልክ

«ዘንግ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምር» የሚለው ምክር ለዝናብ ባር ግራፍ ትክክል ነው፤ የዓምዱ ርዝመት መጠኑን ስለሚወክል። ለሐይቅ ከፍታ ግን አይሠራም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ዓመታዊ መዋዠቁ በአብዛኛው ከሁለት ሜትር ያንሳል። ዘንጉ ከዜሮ ቢጀምር፣ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ግራፍ ላይ የሁለት ሜትር ለውጥ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች ቦታ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቅ ትራንስፖርትን ያስተጓጎለው የከፍታ መቀነስ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይቀራል። ከዚህም ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በግራፉ ላይ ምልክት ሊደረግበት ይገባል፤ አለዚያ አንባቢው የሰው ሥራ ያመጣውን ለውጥ ለአየር ንብረት ብቻ ይሰጠዋል።

የወንዝ ፍሰት ሌላ ፈተና አለው። የክረምቱ ከፍተኛ ፍሰት የበጋውን ቅሪት ከዘንጉ ግርጌ ያጣብቀዋል። ሎጋሪዝማዊ ልኬት ለተመራማሪ ይጠቅማል፤ ለቀበሌ ስብሰባ ግን ሙላቱን ያሳነሰ ያስመስላል። ለዚህ አንባቢ ክረምትና በጋን በሁለት ግራፍ፣ እያንዳንዱን በራሱ ልኬት ማቅረብ ይሻላል፤ የልኬቱ መለያየትም በግልጽ ይጻፍ።

የጎርፍ ካርታ

በፎገራ ውሃ ሁሉ አደጋ አይደለም። ሩዝ በቆመ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ሰብል በመሆኑ የተጥለቀለቀን ማሳ በሙሉ ቀይ የሚቀባ ካርታ ለገበሬው የሚነግረው ነገር አይኖርም። ጠቃሚዎቹ ጥያቄዎች ውሃው ምን ያህል ይጠልቃል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ መቼስ ይሸሻል የሚሉት ናቸው፤ ከሩዝ በኋላ በእርጥበት የሚዘራው ጓያና ሽምብራ በመጨረሻው መልስ ላይ ይመሠረታል። ጥልቀቱን ከቀላል ወደ ደማቅ በሚሄድ አንድ ቀለም ገልጦ ከሜትሩ ጎን «እስከ ጉልበት»፣ «እስከ ወገብ» ብሎ መጻፍ ንባቡን ያቀላል። አቅጣጫም በመጋጠሚያ ቁጥሮች ብቻ ሳይሆን በታወቁ ምልክቶች ይሰጥ፦ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጉማራ ድልድይ፣ ወደ አዲስ ዘመን የሚያሻግረው የርብ ድልድይ፣ አብያተ ክርስቲያናትና የከብት መሸሻ ከፍታዎች።

«የአሥር ዓመት ጎርፍ» የሚለው አገላለጽም መታረም አለበት። ብዙ ሰው «ዘንድሮ ከመጣ አሥር ዓመት እናርፋለን» ብሎ ይረዳዋል። ትርጉሙ ግን በየዓመቱ ከ10 አንድ የመከሰት ዕድል አለው ማለት ነው፤ የየዓመቱ ዕድል ራሱን የቻለ ነው ብለን ብናሰላ በአሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ 65 በመቶ ገደማ ነው።

ማጠቃለያ

አንድ ግራፍ ለመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚም ለግብርና ባለሙያም እኩል ሊሆን አይችልም። ተመራማሪው ከመሳሉ በፊት አንባቢው በዚህ ምስል ምን ይወስናል ብሎ ሊጠይቅ ይገባል፦ ከብቱን መቼ ያወጣል? ፓምፑን የት ይተክላል? ከዚያም ረቂቁን ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አሳይቶ ያየውን በራሱ ቃል እንዲናገር መጠየቅ ቀላሉ መፈተኛ ነው። የተነገረው ከመረጃው ጋር ካልተስማማ የሚታረመው ግራፉ ነው።