ውኃው ምን አደረገ?

አዛውንቱ ወጣትነታቸውን የጨረሱት ምጽዋ፣ በባሕር ኃይል መርከቦች ላይ ቧንቧ ሲሠሩ ነው። ከተማዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ስትያዝ አገራቸው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ባለች የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አሳለፉት።

ወጣቱ ጣና ላይ ለሚሠራ የሞተር ጀልባ ማዕድ ቤት ቧንቧ ሊገጥም ነው። ከኪሱ አንድ ኤልቦ፣ የቧንቧ መታጠፊያ፣ አወጣ።

«ጋሼ፣ ነሐስ ነው ብለው ሸጡልኝ። ይሆናል?»

ማግኔት አስጠጉበት፤ አልያዘም። በሞረድ ጫር አደረጉት፤ ውስጡ ቢጫ ሆነ። «ግራጫ ቢሆን ኖሮ በል ጣለው እልህ ነበር» አሉ። «ግን ነሐስ የምንለው ሁለት ነገር ነው፤ ስሙ አንድ ሆኖ ነው የሚያሳስተን። መዳብ ቲን ከተባለው ማዕድን ጋር ሲቀልጥ ብሮንዝ ነው። ከዚንክ ጋር ሲሆን ብራስ ነው፤ ያንተ እሱ ነው። ጨዋማ ውኃ የብራሱን ዚንክ ከውስጥ ይስበዋል። መልኩ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ ቅርጹ እንዳለ ነው፣ ጉልበቱ ግን የለም። ሲ.አር. የሚል ምልክት ያለው ብራስ ይህን እንዲቋቋም የተሠራ ነው።»

«ታዲያ የቡሬ ውኃም ብረት ይበላል ይሉ የለም?»

አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ሞረዱን አስቀመጡት።

«የሰው ስም እንደሚጠፋ የውኃም ስም ይጠፋል! ቡሬ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ቧንቧው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፈሰሰ። ባለቤቱ ውኃው ጨው አለበት አለ፤ ወሬው ገበያውን ዞረ። እኔ ሄጄ ፈታሁት። የብራሱ ቫልቭ ደህና ነው። የተበላው ከእሱ ጋር የታሰረው አጭር ማገናኛ፣ የጋልቫናይዝድ ኒፕሉ ነው፤ እሱም ክሩ ላይ። ክር ሲወጣለት የዚንክ ልባሱ ተላጠ፣ ብረቱ ራቁቱን ቀረ። ጥፋቱ የውኃው ቢሆን ኖሮ የቀረው ቧንቧስ ለምን ዳነ?»

ሁለት ዓይነት ብረት ውኃ ውስጥ ሲነካኩ የባትሪ ድንጋይ ሆኑ ማለት ነው፤ አንደኛው እያለቀ ሌላው ይድናል። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ የሚያፈሰው የዚንክ ቆርቆሮው ስለተበላ ነው። እንግሊዞች ይህን በውድ ዋጋ ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1761 አላርም የተባለችውን የጦር መርከብ ሆዷን መዳብ አለበሷት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያዩት መዳቡን ያያዘው የብረት ምስማር ተበልቷል። በሁለቱ መካከል መጠቅለያ ወረቀት የቀረበት ቦታ ግን ምስማሩ ደህና ነበር። አዛውንቱ ይህን ሲተርኩ ወጣቱ መኖሩንም የረሱ ይመስላሉ።

«እና ለጣና ምን ልግዛ?» አለ በመጨረሻ።

«ጣና ጨው የለበትም። የባሕር ውኃ ግን በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው ይይዛል፤ እዚያ ብሮንዝ ወይም ቁጥር 316 ስቴንለስ እልህ ነበር። 316 ሞሊብዲነም ስላለው ጨውን ከቁጥር 304 ስቴንለስ ይበልጥ ይችላል። ላንተ ደህና ብራስ ይበቃል፤ ከምድጃው ራቅ ባለው በኩል ፕላስቲክ ቧንቧ ዘርጋ። ብራሱን ከጋልቫናይዝድ ጋር እንዳታስረው ብቻ።»

ወጣቱ ከረጢቱን ሲዘረግፈው ሦስት የጋልቫናይዝድ ኒፕሎች ወጡ። አዛውንቱ አንድ በአንድ ለይተው ወደ ሱቁ ውስጥ መለሷቸውና በምትካቸው የብራስ ኒፕል ቆጠሩለት።