ከበርጫ እስከ ጨብሲ፦ ከመቀመጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ወላይታ ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። የአርባ ምንጩም፣ የሳውላውም፣ የሆሳዕናውም፣ የሻሸመኔውም መንገድ እዚህ ይገናኛል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በየዓመቱ ከየአቅጣጫው ተማሪ ይቀበላል። ሹፌሩ «እንቅልፍ እንዳይጥለኝ»፣ ተማሪው «ለፈተና ላንብብበት» ብሎ በርጫ ይቀመጣል። ጫቱ ሲጋራን ይጠራል፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል። ብዙ ሰው ስለ ጫቱ፣ ስለ ሲጋራውና ስለ መጠጡ ለየብቻ የሚወስን ይመስለዋል። እኔ ግን «ጫት ብቻ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ስለ ሌሊቱ አረቄም አብሮ ወስኗል ባይ ነኝ። ስለዚህ የሚከተሉትን አስቀድመው ያስቡባቸው።

ማታ ይጠጣሉ? በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የመረቀነ ሰው ስካሩ ቶሎ አይሰማውም፤ ሁለት ቢራ ይበቃው የነበረው አምስት ይጠጣል። ነቅቻለሁ ብሎ መሪ ይጨብጣል፤ ጫቱ ሲለቀው ግን ድካሙም ስካሩም ባንድነት ይጫኑታል። በባጃጅ ወይም በአይሱዙ እንጀራ የሚበሉ ከሆነ ይህችን ሰዓት ይፍሯት። በማግስቱ ደግሞ ድብርቱና ሐራራው፣ ሌሊት ዱካኩ አለ፤ እሱን ለማስታገስ እንደገና ጫት ይገዛል። ከዚህ ቀደም የሌለ ድምፅ የሰማ፣ ወይም ሰው ሁሉ የሚከታተለው የመሰለው ሰው ጫት ጨርሶ ሊነካ አይገባውም።

«ሲጋራ ጫት ላይ ብቻ ነው» ይላሉ? በቀን አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በልብ በሽታ ረገድ የሚገጥመው ተጨማሪ አደጋ፣ 20 የሚያጨሰው ከሚገጥመው ግማሽ ያህል ነው። ጉዳቱ በሲጋራው ቁጥር ልክ አይቀንስም።

የሚጠጡት ምንድን ነው? ቦርዴና አረቄ አንድ አይደሉም። 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ 40 ሚሊ ሊትር በምትይዝ መለኪያ ቢቀዳ፣ በውስጧ ያለው አልኮል ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ጋር ይቀራረባል። ከማን እንደመጣ የማይታወቅ አረቄ ሜታኖል ተቀላቅሎበት ከሆነ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ምልክቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ስለሚችል ተራ የመጠጥ ራስ ምታት ይመስላል። ከጠጡ በኋላ እይታዎ ከደበዘዘ አይተኙበት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

መድኃኒት ላይ ነዎት? የቲቢ መድኃኒት ከአልኮል ጋር ጉበትን ይጎዳል። ለአሜባ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ላይ ሐኪሞች መጠጥ ይከለክላሉ። ትራማዶል ያንቀጠቅጣል፣ ራስ ያስታል፤ ከመጠጥ ጋር ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። እርጉዝ ሴት ከጫቱም፣ ከሲጋራውም፣ ከመጠጡም ትራቅ።

21 ዓመት ሞልቶዎታል? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከዚያ በታች ላለ ሰው ሲጋራም አልኮልም እንዳይሸጥ ይከለክላል። አብዛኛው የዩኒቨርሲቲው አዲስ ገቢ ተማሪ እዚህ ውስጥ ይገባል።

ለማቆም ወስነዋል? እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። በወላይታ አብዛኛው ሰው ወንጌላዊ አማኝ ነው፤ ብዙ ቤት መጠጥ ደጃፉን አያልፍም። ይህ የብዙዎች ጥላ ሆኗል፤ የጀመረው ሰው ግን ይደብቃል፣ ከቤተሰብም ከሐኪምም ይሸሸጋል። አንድ ቀን ሲታወቅበት ወይም ልቡ ሲነካ «ከዛሬ ጀምሮ ተውኩ» ብሎ ባንዴ ያቆማል። በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ከሆነ ይህ ውሳኔ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል። ካቆመ ከ6 ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ በላብ ሊጠመቅ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ የሌለ ነገር ሊያይና ሊቃዥ ይችላል። ይህ በሰይጣን መያዝ ወይም የእምነት ማነስ አይደለም፤ አልኮል የለመደ አንጎል ባንዴ ሲያጣው የሚሆነው ነው። ይጸለይለት፤ ግን ሐኪም ሳያየው አይደር። ሆስፒታል ውስጥ መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ተሰጥቶት በሰላም ሊያልፈው ይችላል። ጫትና ሲጋራ ማቆም ይከብዳል እንጂ እንዲህ አይገድልም፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድም ቀን አይጠበቅም።

ሶዶ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል (ብዙዎች ዛሬም ኦቶና ይሉታል) እና ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አሉ፤ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ በራስ ምታትና በጨጓራ አይጀምሩ። ምን ምን እንደሚወስዱ፣ በቀን ስንት እንደሆነና በተለይ መጨረሻ የጠጡበትን ሰዓት ይንገሩት፤ መንቀጥቀጡ መቼ ሊመጣ እንደሚችል የሚገምተው በዚያች ሰዓት ነው።