በዓሣ ኩሬ ውስጥ ብርሃንን መለካትና ማስተካከል
ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

ዓሣ በኩሬ ለማርባት የተነሣ ማኅበር አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጫጩትና ስለ መኖ ነው። ስለ ብርሃን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ማታ ደኅና የነበረ ዓሣ ጠዋት በውኃው ላይ ተንሳፎ ሲገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የበሽታ ወይም የመርዝ ሳይሆን የውኃው አረንጓዴነት ከልክ በላይ መሆን ነው። ይህም ከብርሃን ጋር የተያያዘ ጉዳይ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ብርሃን በኩሬ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ፣ አለካኩንና አስተካከሉን እንገልጻለን።

ብርሃንና አረንጓዴው ውኃ

ለቆላ ኩሬ የሚመረጠው ዓሣ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ከምግቡም ከፍተኛውን ድርሻ የሚያገኘው በውኃው ውስጥ ከሚንሳፈፉት ደቃቅ አረንጓዴ ዕፀዋት፣ ማለትም ከዋቅላሚ ነው። ዋቅላሚ እንደ ማንኛውም ሰብል ፀሐይና ማዳበሪያ ይፈልጋል። ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲሠራ ኦክሲጅን ወደ ውኃው ይለቃል። ሌሊት ግን ሥራው ስለሚቋረጥ፣ እሱም እንደ ዓሣው ኦክሲጅን ከውኃው ይወስዳል። ስለዚህ በኩሬው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከፍተኛ የሚሆነው ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ዝቅተኛ የሚሆነው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው።

በቀይ ባሕር የሚኖረው መርጃን (ኮራል) የተባለው ፍጡርም የሚኖረው በገላው ውስጥ ያስጠጋው ዋቅላሚ በብርሃን እየሠራ በሚሰጠው ምግብ ነው። በውጭ አገር በመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉት ሰዎች የኤሌክትሪክ መብራት እየመረጡ፣ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ይደክሙበታል። የእኛ መብራት ፀሐይ ስለሆነች ከፍና ዝቅ ልናደርጋት አንችልም። በእጃችን ያለው፣ ብርሃኗ በውኃው ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ መቆጣጠር ነው።

የኩሬው ቦታ

ሸዋ ሮቢት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሚገኝ፣ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የቀኑ ርዝማኔ አያሳስበንም፤ የሚያሳስበን ደመናና ጥላ ነው። የይፋት ቆላ በስተምዕራብ ገደሉና ተራራው ስላለበት ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብላ ትከለላለች። በስተምሥራቅ ግን ወደ አፋር ሜዳ ክፍት ነው። ኦክሲጅን ባለቀበት ጎህ ሲቀድ ለዓሣው የሚደርስለት ይህ የጠዋት ብርሃን ስለሆነ፣ በኩሬው ምሥራቃዊ ዳር ዛፍ መትከል ወይም ጎተራ መሥራት አይገባም። ማንጎና ፓፓያ ለጥላ ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ከኩሬው ራቅ ብለው ይተከሉ። ቅጠላቸው ውኃው ውስጥ ረግፎ ሲበሰብስም ኦክሲጅን ይበላል።

ለመስኖ ተብሎ የተቆፈረና ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ለዓሣ ሲውል፣ ትነትን ለመቀነስ የተሠራበት ክዳን ካለ መነሣት ይኖርበታል። ክዳን ያለበት ውኃ አረንጓዴ አይሆንም። ፕላስቲኩ ውኃውን ከአፈሩ ስለሚለየውም፣ ከአፈር ኩሬ ይልቅ ማዳበሪያ ሳይቋረጥ ይፈልጋል።

መለኪያው

ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ በ1865 እ.ኤ.አ. የባሕርን ጥራት ለመለካት ነጭ ክብ ሰሌዳ ወደ ውኃ አወረደ። ዛሬም ከዚህ የረከሰና የተሻለ መሣሪያ ለገበሬ አልተገኘም። 20 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የቆርቆሮ ክዳን ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ከሥሩ ድንጋይ ታስሮበት በመሀሉ የቃጫ ገመድ ይገባለታል። ገመዱ በየ5 ሳ.ሜ. ቋጠሮ ይደረግበታል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ፣ ክዳኑ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ቀስ ብሎ ማውረድና ቋጠሮውን መቁጠር ነው። መሣሪያው በሌለበት ክንድን እስከ ክርን መንከር ይቻላል፤ መዳፉ ሊጠፋ ሲል ክርኑ ውኃውን ከነካ ደኅና ነው። ይሁንና የሰው ክንድ እኩል ስላልሆነ፣ በማኅበር ደረጃ ሰሌዳው ይሻላል፤ ሁልጊዜም አንድ ሰው ቢለካ ይመረጣል።

ሰሌዳው ከ25 እስከ 35 ሳ.ሜ. ላይ ከጠፋ ውኃው ተስማሚ ነው። ከ45 ሳ.ሜ. በታች ወርዶም የሚታይ ከሆነ ውኃው ጠርቷል ማለት ነው፤ ለዓሣው ምግብ የለውም። ይህ ብቻ አይደለም። ብርሃኑ እስከ ወለሉ ስለሚደርስ አረም ከሥር ይበቅላል፤ በዳር ያለው አረም ደግሞ ለወባ ትንኝ ዕጭ መሸሸጊያ ይሆናል። ቆሮሶ ዕጩን ይበላል፤ አረም ውስጥ ገብቶ ግን ሊለቅመው አይችልም። ሸዋ ሮቢት የወባ አገር መሆኑ የታወቀ ስለሆነ የኩሬው ዳር ዘወትር ይታረም።

ለጠራ ውኃ መድኃኒቱ ፍግ ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ በሳምንት 3 ኪሎ ያህል የደረቀ የዶሮ ፍግ በጆንያ አስሮ በአንድ ጥግ በመንከር መጀመር ይቻላል። ከዚያ በኋላ መጠኑን የሚወስነው ሰሌዳው እንጂ ልማድ አይሁን።

ውኃው ከልክ በላይ ሲያረነጉድ

አብዛኛው ኪሳራ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ውኃው ሲያረነጉድ ይደሰትና ፍግ ይጨምራል። ሰሌዳው ከ20 ሳ.ሜ. በላይ ጠፍቶ ሳለ፣ ለምሳሌ 15 ሳ.ሜ. ላይ፣ የላይኛው ዋቅላሚ ብርሃኑን በሙሉ ይሻማና ከሥር ያለው በጨለማ ይቀራል። የማይሠራው የታችኛው ክፍል ኦክሲጅን ይበላል እንጂ አይሰጥም። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ለተከታታይ ቀናት ሲደምን ደግሞ ቀን የሚጠራቀመው ኦክሲጅን ለሌሊቱ አይበቃም። ዋቅላሚው በብዛት ከሞተም ውኃው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ሲበሰብስም የቀረውን ኦክሲጅን ይጨርሳል።

ምልክቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ይታያል። ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው በውኃው ገጽ ላይ ያዛጋሉ፤ ሰው ሲቀርብም አይሸሹም። ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ትልልቁ ዓሣ፣ ማለትም ለገበያ የደረሰው ነው። በዚህ ጊዜ መኖም ፍግም ወዲያው ይቁም፤ በጆንያ ያለው ፍግ ከውኃው ይውጣ። ከቦዩ ንጹሕ ውኃ ከፍ ካለ ቦታ እየተንፏፏ ይግባ። የመስኖ ሞተር ካለ የኩሬውን ውኃ ስቦ ወደ አየር እየረጨ ይመልስ። የወለሉን ጭቃ ግን ማማሰል አይገባም።

አደጋው ሳይደርስ ውኃው ማረንጎዱ ብቻ ከታየ፣ ከኩሬው አንድ አራተኛ ያህሉን ለሽንኩርት መደብ መልቀቅና በአዲስ ውኃ መተካት በቂ ነው። ይህ ውኃ ማዳበሪያ ያዘለ ስለሆነ ለሽንኩርቱ አይባክንም። በእኛ አስተያየት ኩሬና የሽንኩርት ማሳ ጎን ለጎን መሆናቸው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

የደለል ውኃ

በክረምትና በበልግ ዝናብ የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ደለል ተሸክመው ይወርዳሉ። በደለል የደፈረሰ ውኃም ሰሌዳውን በ20 ሳ.ሜ. ይሰውረዋል፤ ነገር ግን ይህ ጥላ እንጂ ምግብ አይደለም። ለመለየት በመስታወት ጠርሙስ ውኃ ቀድቶ ማሳደር ነው። አፈሩ ከሥር ረግቶ ውኃው ከጠራ ደለል ነው፤ አረንጓዴው እንዳለ ካደረ ዋቅላሚ ነው። ደለል ባለበት ውኃ ላይ ፍግ መጨመር ማባከን ነው፤ ብርሃን የሌለው ዋቅላሚ በፍግ አይበቅልም። ጎርፍ በሚወርድበት ቀን የመግቢያው ቦይ ይዘጋ። ከተቻለም ውኃው ወደ ኩሬው ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበት ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈር።

የልማት ሠራተኛው በየሳምንቱ ሁለት ቀን የሰሌዳውን ልክ፣ የሰማዩን ሁኔታና የተጨመረውን ፍግ በአንድ ደብተር ላይ እንዲያሰፍር ይመከራል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ግን በየቀኑ ይለካ፤ ጎህ ሲቀድ ኩሬውን የሚያይ ተረኛ አባልም ይመደብ። ውኃው ተስተካክሎም ዓሣው ማዛጋቱን ካላቆመ፣ ደብተሩን ይዞ በሰበታ የሚገኘውን የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል መጠየቅ ይቻላል።