ራትለር፦ ከጦር መርከብነት ወደ ዓሣ ነባሪ አዳኝነት

ስለ ድሮ መርከቦች ስናነብ ብዙውን ጊዜ የሚነገረን ስለ ጦርነቱና ስለ ጀግኖቹ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ግን አንዲት መርከብ ሥራ ስትቀይር ምን እንዳስከተለች እናያለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራትለር በ1783 ለእንግሊዝ ንጉሣዊ ባሕር ኃይል የተሠራች፣ 16 መድፍ የምትይዝ አነስተኛ የጦር መርከብ ነበረች። በዊልፍሬድ ኮሊንግዉድ አዛዥነት በካሪቢያን ስታገለግል፣ ከወጣቱ ሆራሺዮ ኔልሰን ጋር ሆና የአሜሪካ ነጋዴዎች ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ጋር በሕገወጥ መንገድ እንዳይነግዱ ትቆጣጠር ነበር። ባጭሩ የኬላ ጥበቃ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በ1792 ኤንደርቢ የተባለ የለንደን ኩባንያ ገዛት። ያኔ የዓሣ ነባሪ ዘይት ለመብራትም ለማሽን ቅባትም ይፈለግ ስለነበር ንግዱ ትርፍ ነበረው። የዚሁ ኩባንያ መርከብ ኤሚሊያ በ1789 ኬፕ ሆርንን ዞራ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከገባች ወዲህ፣ አዳኞች ዓይናቸውን ወደዚያ ጥለዋል። ችግሩ ማረፊያ ማጣት ነው። የደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ወደቦች በስፔን እጅ ነበሩ። በ1790 የተፈረመው የኑትካ ስምምነትም እንግሊዞች ስፔን ከያዘችው ዳርቻ 10 የባሕር ሊግ (55 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሳይርቁ እንዳያድኑ ይከለክላል። መርከበኛው ደግሞ ለወራት ትኩስ ምግብ ካጣ በስከርቪ በሽታ ያልቃል።

ስለዚህ ራትለር በጃንዋሪ 1793 ስትነሳ ተልዕኮዋ አደን ብቻ አልነበረም፤ መጠጊያ መፈለግም ነበር። ካፒቴኗ ጄምስ ኮልኔት ራሱ በ1789 ኑትካ ላይ በስፔኖች ታስሮ የነበረ ሰው ነው። ጋላፓጎስ ደሴቶችን ሁለት ጊዜ ጎብኝቶ በ1794 ተመለሰ፤ በ1798 የጉዞውን መጽሐፍ ከካርታ ጋር አሳተመ። መጽሐፉ ውስጥ ባለው የዓሣ ነባሪ ሥዕል ሄርማን ሜልቪል «ሞቢ ዲክ» ላይ፣ ዓይኑ ከልክ በላይ ተልቋል ብሎ ቢያፌዝበትም፣ የደሴቶቹ ካርታ ግን ለአዳኞች ጠቅሟቸዋል።

ጋላፓጎስ ውስጥ ትልልቅ የየብስ ኤሊዎች አሉ። ኤሊው ያለ ምግብና ያለ ውሃ መርከብ ላይ ለወራት ስለሚቆይ፣ ለመርከበኞች የማይበላሽ ሥጋ ሆነላቸው። ተመራማሪው ቻርልስ ታውንሴንድ የ79 አሜሪካዊ አዳኝ መርከቦችን መዝገብ አገላብጦ፣ ከ1831 እስከ 1868 ባለው ጊዜ እነዚህ መርከቦች ብቻ 13,000 ያህል ኤሊ እንደወሰዱ በ1925 አሳይቷል።

እንግዲህ ራትለርን በመድፏ ወይም ባመጣችው ዘይት ብቻ ብንመዝናት ዋናው ነገር ያመልጠናል። የፈለገችው ማረፊያ መርከበኛውን ከስከርቪ ሲያድን ኤሊውን አስጨርሷል። እኛም የንግድ መስመር ስናጠና ከየት ተነስቶ የት ደረሰ ከማለት ባሻገር፣ መሐል ላይ የት አረፈ፣ እዚያስ ምን በላ ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።