ወደ ስቫልባርድ መቼ ልሂድ? ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ወደ አርክቲክ ለመሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብርዱ መቼ እንደሚቀል ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ እኔ እዚያ በምሆንበት ሰሞን ፀሐይ የት ትሆናለች? ብርድን ወፍራም ልብስ ይመክተዋል። ጨለማና ብርሃን ግን በገንዘብም በብልሃትም አይቀየሩም።

የማወራው ስለ ስቫልባርድ ነው፤ ከኖርዌይ ዋና ምድር በስተሰሜን ርቀው ስለተቀመጡት ደሴቶች። አዲስ አበባ በ9ኛው ዲግሪ ላይ ስትሆን፣ ሎንግየርቢየን የተባለችው ዋና መንደራቸው በ78ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ቲኬት የሚቆረጠው በአውሮፓውያን ወራት ስለሆነ እኔም በእነሱ እቆጥራለሁ።

ፀሐይዋ

ከኤፕሪል 20 ገደማ እስከ ኦገስት 22 ገደማ ሎንግየርቢየን ላይ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ደግሞ ጨርሶ አትወጣም። በተለይ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል። ፌብሩዋሪ ላይ ፀሐይ ብቅ ብትልም መንደሯ በተራሮች ስለተከበበች ጮራው ቤቶቹ ላይ የሚያርፈው ማርች 8 ገደማ ነው። ያን ዕለት ነዋሪው ልጅ አዋቂ ሳይል በድሮው ሆስፒታል ደረጃ ዘንድ ተሰብስቦ ይቀበላታል፤ ሳምንቱም የበዓል ሳምንት ነው። ወራት በጨለማ ለኖረ ሰው ፀሐይ ምን እንደሆነች ለማየት ከዚያ የተሻለ ቀን አላውቅም።

ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ እየቆጠረ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጁን ውስጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ፊትዎ ላይ ታርፋለች። እንቅልፍ የሚያስቸግርዎ ከሆነ፣ ወይም ትንንሽ ልጆች ይዘው ከሄዱ፣ የዓይን መሸፈኛ ይያዙ፤ ማረፊያ ሲይዙም ጥቁር መጋረጃ እንዳለው ይጠይቁ። በዲሴምበር የሚሄዱ ደግሞ ድካምና ድብርት ሊጫጫናቸው እንደሚችል አውቀው ቆይታቸውን ቢያሳጥሩ ይሻላል።

ለምን ይሄዳሉ?

የሰሜን ብርሃናትን ለማየት ከሆነ ጨለማ ያስፈልግዎታል። ስለዚህ የማትጠልቀውን ፀሐይና የሰሜን ብርሃናትን በአንድ ጉዞ አያለሁ የሚለውን ዕቅድ ይተዉት፤ አንዱ ባለበት ሌላው አይታይም። ምኞትዎ ብርሃናቱ ብቻ ከሆኑ ደግሞ ስቫልባርድን ትተው በኖርዌይ ዋና ምድር ሰሜን ወዳለችው ከተማ ወደ ትሮምሶ ይሂዱ እላለሁ። ብርሃናቱ በብዛት የሚታዩት የምድርን መግነጢሳዊ ዋልታ እንደ አክሊል ከከበበው ቀጠና ሥር ነው። ትሮምሶ ያለችው ከዚያ ሥር ነው፤ ስቫልባርድ ግን ማታ ማታ ብዙ ጊዜ ቀጠናውን አልፋ ወደ ሰሜን ትቀራለች። የስቫልባርድ ብልጫ ሌላ ነው፤ በድቅድቁ ወራት እኩለ ቀንም ጨለማ ስለሆነ በሌላው ዓለም እምብዛም የማይታየውን የቀን ብርሃናት ማየት ይቻላል። ተመራማሪዎችን ወደዚያ ከሚስቧቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው።

ትሮምሶ ሞቅ ካለው የባሕር ጅረት የተነሣ እንደ ኬክሮሷ አትበርድም። ከሴፕቴምበር እስከ ማርች መጨረሻ ለብርሃናቱ ትመቻለች። ፈተናው ደመና ነው። ለአንድ ሌሊት ሄዶ ሳያዩ መመለስ ስላለ ቢያንስ አራት አምስት ሌሊት ይያዙ፤ አስጎብኚዎቹም የጠራ ሰማይ ፍለጋ ከባሕሩ ርቀው ወደ ፊንላንድ ድንበር የሚነዱበት ማታ ብዙ ነው።

የስቫልባርድን የበረዶ ምድር ለማየት ከሆነ ግን ጊዜው ከማርች እስከ ሜይ መጀመሪያ ነው። እኔን ከጠየቁኝ፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ያለውን ሰሞን የሚያህል የለም። ምድሩ በበረዶ እንደተሸፈነ ነው፣ ቀኑ ረዝሟል፣ ምሽት ላይ ሰማዩና በረዶው አብረው ሮዝና ሰማያዊ ይሆናሉ። በመንደሮቹ መካከል መንገድ ስለሌለ ሰው በበረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር፣ በስኖውሞቢል፣ ወይም ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ይጓዛል። ስኖውሞቢሉን ራስዎ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ይጠየቃሉ። ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም፤ ንፋስ ሲጨመርበት በጣም ይከፋል። ከውስጥ የሚለብሱት ሱፍ ይሁን። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቀር ሰውነትን ያቀዘቅዛል።

ዋልረስ፣ ዓሣ ነባሪና የባሕር ወፎችን የሚሹ ጁላይን ይምረጡ። ሙቀቱ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጉዞው በጀልባና በመርከብ ነው፤ ሩስያውያን በ1998 ትተዋት የወጡትን የፒራሚደን የማዕድን ከተማም በጀልባ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ወፎቹ ገደሉን ሞልተው ሲንጫጩ ማየት ከፈለጉ ወደ ኦገስት አጋማሽ አይግፉት፤ ያኔ ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ወርደዋል። ትልቁን ደሴት በመርከብ መዞር ለሚመኙ ግን የባሕሩ በረዶ ይበልጥ የሚሸሸው ከጁላይ አጋማሽ በኋላ ስለሆነ ኦገስት ይሻላል። የጁን መጀመሪያ ለበረዶ ጉዞም ለእግር ጉዞም አይመችም፤ በረዶው ለስኖውሞቢል ቀልጧል፣ መሬቱ ለእግር ጉዞ ጭቃ ነው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ጸጥታ ለሚወዱ ናቸው።

ስለ ነጭ ድብ

ድብ ለማየት ብሎ ወር መምረጥ አያዋጣም። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከድብ ቢያንስ 300 ሜትር መራቅ ግዴታ ሆኗል፤ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ደግሞ ርቀቱ 500 ሜትር ነው። ሕጉ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እናት ድብ ግልገሎቿን ይዛ የምታድንበት ወቅት ነውና። በቅርብ አሳይዎታለሁ የሚል አዘጋጅ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ፤ እርስዎም ጥሩ አቅራቢ መነጽር ይያዙ። በየትኛውም ወር ቢሄዱ ከመንደሩ ክልል ውጭ ያለ ድብ መከላከያ መውጣት አይፈቀድም። አብዛኛው ጎብኚ የሚንቀሳቀሰው መሣሪያ ከያዘ አስጎብኚ ጋር ነው፤ ይህንንም በወጪዎ ውስጥ ያስገቡት።

አብሮዎት ማን አለ?

የሎንግየርቢየን ሆስፒታል ትንሽ ነው። ጽኑ ሕመምተኛ በአውሮፕላን ወደ ትሮምሶ ይወሰዳል፤ ነፍሰ ጡር ነዋሪዎች ራሳቸው ለመውለድ ወደ ዋናው ምድር ይሄዳሉ። እናትዎን ወይም የቆየ ሕመም ያለበትን ዘመድ ይዘው ከሆነ ጁላይን ይምረጡላቸው፤ የአየር ማመላለሻን የሚሸፍን መድን ሳይገቡም አይነሡ።

ቪዛው

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ስቫልባርድ ራሷ ቪዛ አትጠይቅም። ነገር ግን በአንድ ቪዛ ከሚገባበት የአውሮፓ አገሮች ክልል፣ ከሸንገን፣ ውጭ ናት፤ መንገዱ ደግሞ በኦስሎ ወይም በትሮምሶ ያልፋል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ከኖርዌይ ሲነሣ ከሸንገን እንደወጣ፣ ሲመለስ እንደገና እንደገባ ይቆጠራል። ቪዛው አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መመለሻ የለውም። ሲያመለክቱ ሁለት ጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ብለው ይጠይቁ፤ ምክንያቱንም ከጉዞ ዕቅድዎ ጋር አያይዘው ይግለጹ። ኖርዌይ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ በዚህ አትጨነቁም፤ ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ግን ይዛችሁ ተጓዙ።

የሸንገን ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ነው፤ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። በማርች መጨረሻ ለመሄድ የወሰነ ሰው ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ማስገባት ይችላል። በዚያ ሰሞን ገደማ የሚውለው የኖርዌያውያን ፋሲካ የዕረፍት ጊዜ ስለሆነ ማረፊያውም የውሻ ጉዞውም ቀድሞ ይያዛል፤ ስለዚህ ቪዛው እስኪመጣ አይጠብቁ፣ ሊሰረዝ በሚችል ውል ቦታዎን አስቀድመው ያስይዙ።